ሁለት ሳብ በአንድ አምፕ፦ ቤዙ ሊጀምር ሲል ቀጥ ይላል፣ እርዱኝ

የሳቢያኑ ዲኤክስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ነኝ፣ ሳቢያን። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። የአባቴ ነበረች። ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ «ቀለሟን እንዳትነካ።» ቀለሟን አልነካሁም። ፖርቶባጋሊዮዋን ነው የነካሁት።

ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብ (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ገዛሁ። ሁለቱም ባለ ሁለት ኮይል (ስፒከሩን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል) ናቸው፣ የእያንዳንዱ ኮይል ተቃውሞ 4 ኦም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ዋት ይላል። ከስር ደግሞ በጉንዳን ፊደል 250 አርኤምኤስ ይላል፣ ሳያቋርጥ የሚችለው ማለት ነው። አምፑ (የድምፅ ማጉያው) ሞኖ ነው፣ ባለ አንድ መውጫ፤ ዓይነቱ ክላስ ዲ። ወረቀቱ በ4 ኦም 300 ዋት፣ በ2 ኦም 500 ዋት ብሎ ያቆማል። ስለ 1 ኦም ምንም የለም።

የገጠመልኝ ልጅ አራቱንም ኮይል ፓራለል፣ ጎን ለጎን አሰራቸው። «ኦሙ በወረደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ እመነኝ» አለኝ። አመንኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ወላሂ ገነት ነበሩ። ታርጋዬ ይንቀጠቀጣል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ ብርጭቆዎቿን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀጥ። የአምፑ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነ።

አሁን እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። በትንሽ ድምፅ ይዘፍናል። ከፍ አድርጌ ቤዙ ሊገባ ሲል ይጠፋል። ማታ ደግሞ የፊት መብራቴ ከዘፈኑ ጋር እስክስታ ይመታል። ልጁ ጋ ተመልሼ ስሄድ «ሙቀት ነው፣ ድሬ መሆንህን አትርሳ» አለኝ። እሺ ብዬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞከርኩት። ገና ፀሐይ ሳትበረታ፣ አምፑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ። ያው ነው፣ ጠፋ።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ቅዳሜ ሳምንት ነው። ፊት ሆኜ እነዳለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እነዚህን ሁለት ሳቦች እንዴት አድርጌ 2 ኦም ላምጣቸው? 500ውን ዋት እፈልገዋለሁ።


ባጃጅ ቤዝ፦

አቦ አታካብድ! ካፓሲተር ግዛ፣ አለቀ። ያ ሲሊንደር የሚመስለው፣ ቁጥር የሚያበራው። እኔ ባጃጄ ላይ አስሬው መብራቴ አይወዛወዝም። 1 ኦም ነው የማስኬደው፣ ምንም አልሆንኩም።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ሆኛለሁ። ሳጥን ውስጥ አሸዋ ሲገባ ቤዙ ይወፍራል ሲሉ ሰማሁና ከደቻቱ አንድ ፌስታል አመጣሁ። ለካስ አሸዋው የሚገባው በሁለት ግድግዳ መሃል ነው። እኔ ዝም ብዬ ውስጡ ደፋሁት። በሦስተኛው ቀን ሳቡ ኽርርር ማለት ጀመረ። አሸዋው ኮይሉ ጋ ገብቶ እየፋቀው ነበር። ያንን ሳብ አሁን እናቴ የአበባ ማሰሮ መቀመጫ አድርጋዋለች።

ግን ካፓሲተር ግዛ።


ያገር ቴስተር፦

ባጃጅ ቤዝ፣ አሳቅኸኝ። ካፓሲተሩን ግን ተወው። ካፓሲተር ኩባያ ናት፣ ለቅጽበት ትረዳለች። ኩባያዋን መልሶ የሚሞላው ከሌለ ለአንድ ምት ብቻ ነው የምትጠቅምህ።

የዲኤክሱ ልጅ፣ አንተ ጥሩ አድርገህ ጠይቀሃል። ጠዋት መሞከርህ ደግሞ አስደስቶኛል። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ለመጥፋት ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፣ ቀፎውም እጅ አያስነካህም ነበር። ቀዝቅዞ እያለ በቤዝ ምት የሚጠፋ አምፕ ሌላ ነገር ነው የሚነግርህ።

እኔ በእስክሪብቶ ካሴት ከሚጠነጠንበት ዘመን ጀምሮ መጋላ ውስጥ ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በውሃ ላስረዳህ። ድሬ ውስጥ ሮቶ የማያውቅ የለም። ሮቶህ ላይ አንድ ቧንቧ ብትከፍት ባልዲህ ቶሎ ይሞላል። አራት ቧንቧ አንዴ ክፈት። ብዙ ውሃ ይወርዳል፣ እውነት ነው። ልጁ አልዋሸህም። ነገር ግን ሮቶው ካነሰ፣ ከሮቶው የሚመጣው ቱቦም ከቀጠነ፣ አራቱም ይንጠባጠባሉ። ኮይል ቧንቧ ነው። ፓራለል ማለት አራቱንም ጎን ለጎን መክፈት ነው።

አሁን ወደ 2 ኦምህ እንምጣ። አይወጣም። በእነዚህ ሁለት ሳቦች 2 ኦም የሚባል ነገር የለም። አራቱንም ፓራለል ካሰርክ 1 ኦም ነው፣ አሁን ያለህበት። የእያንዳንዱን ሳብ ሁለት ኮይል ሲሪስ፣ አንዱን ከሌላው ቀጥለህ አድርገህ 8 እና 8 ካመጣህ በኋላ ሁለቱን ሳቦች ፓራለል ስታደርጋቸው 4 ይሆናል። ገልብጠህ ኮይሎቹን ፓራለል፣ ሳቦቹን ሲሪስ ብታደርግም ያው 4 ነው። ሁሉንም ሲሪስ ብታደርግ 16 ነው፣ እሱን ለትንኝ ነው የምታሰማው። 2 ኦም የፈለገ ሰው ሳቡን ሲገዛ ነበር ማሰብ ያለበት፤ ኮይላቸው 2 ኦም የሆኑ ሁለት ሳቦች ይገዛል። ወይም ካሉህ አንዱን አውጥተህ አንዱን ብቻ ፓራለል ብታስረው 2 ይሆናል። ግን እሱ 250 የሚችል ሳብ ነው፣ 500 ዋት ልትጭንበት ነው። አህያ ላይ የከባድ መኪና ጭነት።

ስለዚህ 4 ኦም እሰረው። አትዘን። ከ300 ወደ 500 ዋት ብትሄድ የምታገኘው ልዩነት 2 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ብታዳምጥ በጭንቅ ነው የምትለየው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። ይህን ነገር ሰው አያምነኝም። ያ ካርቶን ላይ የተጻፈው 1200 የሚሉት ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ጌጥ ነው፣ አርኤምኤሱን ብቻ እይ።

ሮቶህ ዲናሞው ነው። ኮፈኑን ክፈትና የዲናሞውን ጽሑፍ አንብብ። በዲኤክስ ላይ እኔ ያየኋቸው 50 አምፔር አካባቢ ናቸው። አምፑ 500 ዋት ሊያወጣ ከ600 በላይ ይስባል፣ ምክንያቱም ክላስ ዲ ጎበዝ ነው ቢባልም ከሚበላው 80 ከመቶ ያህሉን ነው ድምፅ የሚያደርገው። ያ በ13 ቮልት ተኩል 46 አምፔር ነው። መብራትህ፣ ማቀጣጠያህ፣ የመስታወት መጥረጊያህ በምን ሊሠሩ ነው? በ300 ዋት ግን 28 አምፔር ነው፣ እሱም በምቱ ጊዜ ብቻ። ይችልሃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ሥራ ልስጥህ። ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) አለህ? ከሌለህ ተዋስ። መኪናው ተነስቶ፣ ሙዚቃው እየዘፈነ፣ ልክ ከመጥፋቱ በፊት ሦስት ቦታ ለካልኝ። አንድ፣ ባትሪው ራስ ላይ ስንት ቮልት ነው። ሁለት፣ አምፑ ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ መሃል ስንት ነው። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። የቴስተርህን አንድ ጫፍ የአምፑ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርግ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ቦዲ ላይ የታሰረው ሽቦህ ታሟል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለ? አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ አምፑን ነው የሚጠብቀው፣ መኪናህን አይጠብቅም። ያ ሽቦ በብረት ቀዳዳ አልፎ ከሞኬት ስር ተሸሽጎ ኋላ ድረስ ይሄዳል። ቀዳዳው ላይ ልጡ ተፍቆ ቦዲ ከነካ የሚያቆመው ነገር የለም፤ እየጋለ ሞኬቱን ያቃጥለዋል። ይህን ሳትፈትሽ ሰርግ አትሂድ።


የጁገል ልጅ፦

ከሐረር ሰላምታ። እዚህ ፔጆ 404 ታክሲ ውስጥ ቤዝ የሚገጥሙ እብዶች አሉ፣ እና ከአንዱ የተማርኩትን ልጨምር።

ሲሪስና ፓራለል ስትቀያይር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መገልበጥ ቀላል ነው። አንዱ ሳብ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዋቱ አለ፣ ቤዙ ግን የለም። ሰው አምፑን ይረግማል። መፈተኛው አንድ የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ያ የሬዲዮ፣ ባለ 1.5 ቮልት። አምፑን ነቅለህ የድንጋዩን ፖዘቲቭ በሳቡ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን በኔጋቲቭ አስነካው። ጧ ብሎ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ትክክል ነው። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ብቅ ማለት አለባቸው። ለቅጽበት ብቻ፣ አትያዘው።

ሳጥንህ ዝግ ከሆነ ደግሞ አየር እንዳያስወጣ። እኛ ቤት ዕጣን መቼም አይጠፋም። ጭሱን መጋጠሚያዎቹ ጋ ይዘህ ቀስ አድርገህ ቤዝ አስዘፍን። ጭሱ ቀጥ ብሎ እየወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ከተንቀጠቀጠ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። ሲሊኮን ቀባው። እኔ ኮምፔንሳቶው ላይ ሦስት ቦታ አገኘሁ። እናቴ ለመኪና ዕጣን ስታጨስ የሚያይ ሰው ምን ይላል ብላ ሳቀችብኝ።


የሳቢያኑ ዲኤክስ፦

አቦ ተባረኩ! ያገር ቴስተር፣ ጋሼ ልበልህ ወይስ አንተ? ድሬ ነን መቼም፣ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለካሁ። ጎረቤቴ ጋዙን ረግጦ ያዘልኝ፣ እኔ ኋላ ተኮርምቼ። ባትሪው ላይ 12.4። አምፑ ላይ 9.9! ሦስተኛው፣ ያ ሰው ይረሳዋል ያልከው፣ 1.4። ዜሮ መሆን አለበት ያልከው ማለት ነው። ዲናሞው ላይ እውነትም 50 ይላል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የለም። ቀዳዳው ላይ ጎማ የለም። ሽቦው ብረቱ ላይ ተደግፎ ነው የሚያልፈው፣ ልጡ ላይ ጥፍር የሚያህል ጭረት አይቼ ላቤ መጣ።

ሽቦውም ሌላ ጉድ ነው። ከላይ ወፍራም ነው፣ የጣቴን ያህል። ጫፉን በምላጭ ስከፍተው ግማሹ ላስቲክ ነው። አንዷን ክር ይዤ ፋቅ ሳደርጋት ቀይ የነበረችው ነጭ ሆነች።


ያገር ቴስተር፦

አንተ በለኝ፣ አንቱታ ድሬ ውስጥ ያስነጥሰኛል።

በል ተመልከት። ባትሪው 12.4 ሰጠ፣ አምፑ ጋ የደረሰው 9.9 ነው። 2 ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል። 1.4 በቦዲ በኩል፣ 1.1 በፖዘቲቩ ሽቦ። አብዛኛው አምፕ ከ10 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ። አምፑ በማይችለው 1 ኦም ላይ ታስሯል፣ የሚበላውም አይደርሰውም። አንዱን ብቻ ብታስተካክል ኖሮ ሌላው ይቀጥል ነበር። ገጣሚህም «አየህ፣ አምፑ ነው የተበላሸው» ብሎ ሌላ ይሸጥልህ ነበር።

ነጭ የሆነችው ክር አሉሚኒየም ናት፣ መዳብ የተቀባች። የምትሠራበት ቦታ አለ። ግን አሉሚኒየም እንደ መዳብ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ በደንብ መወፈር ነበረባት፣ የአንተዋ ደግሞ ላስቲኳ ነው የወፈረው። አሁን ታይዋን ገበያ ሂድና የብየዳ ማሽን ገመድ ጠይቅ፣ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር። ይታጠፋል፣ ክሩ ደቃቅ ነው። ገንዘብ ሳትከፍል በፊት ግን እሱንም ክሩን ፋቅ፣ ዛሬ የብየዳውም ላይ አሉሚኒየም ይመጣል። ውስጡም ቀይ ከሆነ ውሰድ። አራት ሜትር ተኩል ቢሄድ፣ 30 አምፔር ቢያልፍበት፣ 0.1 ቮልት አይበላብህም።

ፊውዙን ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ አስቀምጥ፣ ባለ 60 ይበቃሃል። ቀዳዳው ላይ ጎማ።

ቦዲው ላይ የታሰረው የት ነው? ሳላየው ልገምት፣ ቀለም ላይ ነው። ቡሎን ፈትተህ ከስሩ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው። ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ። ተርሚናሉን በደንብ አጥብቀህ እሰር፣ ከዚያ እንዳይዝግ ከላይ ግሪስ ቀባው። ሽቦው አጭር ይሁን፣ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ፣ ውፍረቱም እንደ ፖዘቲቩ።

ጌይኑን፣ አምፑ ከቴፑ የሚቀበለውን ምልክት የሚመጥነውን ቁልፍ፣ በጆሮህ አታስተካክል። ጌይን የድምፅ ቁልፍ አይደለም። ሳቦቹን ንቀል። ስልክህ ላይ የ50 ኸርዝ ድምፅ ጫን፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርግ፣ ቤዝ ቡስት የሚባለውን ዜሮ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአምፑ መውጫ ላይ ያዝ፣ ጌይኑን ከዜሮ ቀስ እያልክ ክፈት። 300 ዋት ሲባዛ በ4 ኦም 1200 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 34.6። ቴስተሩ 34 ሲል አቁም። ከዚያ በላይ የምትከፍተው ጉልበት አይሆንም። የድምፁ ማዕበል አናቱ ይቆረጣል፣ ኮይሉ ይጋላል፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ትሸታለህ። ሎ ፓሱን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀረውን) 80 ኸርዝ ላይ ተወው።

ስታስር ደግሞ እንዳትሳሳት። የአንዱን ሳብ የመጀመሪያ ኮይል ኔጋቲቭ ከሁለተኛው ኮይል ፖዘቲቭ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝ። ሁለት ጫፍ ይቀርሃል። በቴስተር ለካው፣ 8 ሳይሆን 6 ተኩል ወይም 7 ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ ቴስተር የሚያየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። ሦስት ተኩል አካባቢ ካነበበ አምፑ ጋ ውሰደው። የጁገል ልጅ ያለህን የድንጋይ ፈተናም አትዝለል።


ባጃጅ ቤዝ፦

እሺ እኔም ባጃጄ ላይ ያንን ሦስተኛውን ልለካ ነው። ካፓሲተሩን የሚገዛኝ ካለ በውስጥ መስመር።


የሳቢያኑ ዲኤክስ፦

ሰርጉ አለፈ! ቶሎ ያልጻፍኩት እንቅልፍ ስለወሰደኝ ነው።

ሁሉንም አደረግኩ። ቴስተሩ 3.4 አነበበ። የድንጋዩ ፈተና ላይ አንዱ ሳብ ወደ ውስጥ ገባ! የውስጥ ሽቦው ተገልብጦ ነበር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሁለት ሳብ ገዝቼ የአንዱን ያህል እንኳ ሳልሰማ ነው የኖርኩት። አሁን አምፑ ላይ በምቱ ጊዜ ከ12.9 አይወርድም። መብራቴ እስክስታውን ትቷል። ቅዳሜ ከሳቢያን ተነስተን በከዚራ ዛፎች ስር አልፈን ለገሃር ጋ ፎቶ ተነስተን ተመለስን። ከሰዓት ነው፣ ፀሐዩን ታውቁታላችሁ፣ ቀይ መብራት አንድ ጊዜ አላየሁም። ቤዙ ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ቤዝ ይበልጣል፣ እምላለሁ። 500 ዋቱን ረስቼዋለሁ።

የገጠመልኝን ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁት። የቴስተሩን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማና ሦስተኛው ቦታ የት እንደሆነ ድጋሚ ጠየቀኝ። አሳየሁት።

አባዬ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ሁለት ዘፈን ያህል ዝም አለ፣ ከዚያ በጣቱ በሩን መምታት ጀመረ። ስንወርድ «ድምፁ ንጹህ ነው» አለኝ። ቀጥሎ መኪናዋን ዞራት፣ እንደ ልማዱ ቀለሟን እያየ። በጣቱ አቧራ ጠረገ። የፋቅሁት ቦታ የሁለት ሳንቲም ስፋት ነው፣ ከሞኬቱ ስር። ሞኬቱን አላነሳም።